አራት ልብ በአንድ መስታወት

ርዕሰ መምህሩ አራቱን የፈተና ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ደርድሮ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ቀርበው እንዲያዩት ነው። አራቱም ወረቀቶች ላይ አንድ የታተመ የልብ ስዕል አለ፤ ተፈታኙ ክፍሎቹን እየለየ ስማቸውን እንዲጽፍበት የተሰጠ። አራቱም ሁሉንም ክፍል ሰይመዋል። አራቱም ግራ መባል ያለበትን ቀኝ፣ ቀኝ መባል ያለበትን ግራ ብለዋል። የደሙን መንገድ የሚያሳዩት ቀስቶች እንኳን በአራቱም ወረቀት ላይ በተሳሳተው በር ገብተው በተሳሳተው በር ይወጣሉ።

«ልክ የሆነ ሰው ልክ ከሆነ ሰው ጋር ይመሳሰላል፤ ይሄ አይደንቅም» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ስህተት ግን እንደ መልክ ነው፤ የየራስ ነው። አራት ሰው አንድ ዓይነት ስህተት ሲሳሳት፣ አንዱ ተሳስቶ ሦስቱ ኮርጀዋል ማለት ነው።»

ፀጉር ሠሪዋ ጎንበስ ብላ ወረቀቶቹን አየች። የራሷን በእጅ ጽሑፏ ለየችው። ከጎኗ የባንክ ጥበቃው፣ የታክሲ ረዳቱና ልብስ ሰፊዋ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ጥበቃው ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል። ልብስ ሰፊዋ መሬት መሬት ታያለች።

«እኔ መስኮት ስር ነበርኩ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «እሳቸው በሩ ጋ። እሷ ፊት ወንበር። ይሄኛው ከሁላችንም ኋላ። በምን እንኮርጃለን?»

«ወረቀት እግር አለው እህቴ። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያላየሁት የለም።»

«እንግዲያው እግሩን ያሳዩኝ።»

ረዳቱ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ ሳል አደረገው። ርዕሰ መምህሩ ሦስቱን ወደ ውጭ አስወጣና በሩን ዘጋ። እሷን አስቀረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሚመክር ሰው ፊት ይዞ ነበር የተናገረው። የእሷ ወረቀት ከልቡ ጥያቄ በቀር ደህና ነው አላት። የሦስቱም መጥፎ አይደለም፣ ግን በእሷ ላይ ተንጠልጥለው እዚህ እንደ ደረሱ የማታው ትምህርት ቤት በሙሉ ያውቃል። ስለዚህ ሳላውቅ ከእኔ ወስደዋል ብላ ሁለት መስመር ትጻፍ። የእሷ ውጤት ሰኞ ከሌሎቹ ጋር ይላካል። ሦስቱ ለአንድ ዓመት ከፈተና ይታገዳሉ።

«አንድ ዓመት አይገድልም» አለ። «ባልጽፍ ካልሽ ግን አራታችሁም ናችሁ። ያንቺን ነገር ደግሞ አንቺው ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። የሆስፒታሉ የነርስነት ማሠልጠኛ ዕድሜ ገደብ አለው። ዘንድሮ ካልገባች በሚቀጥለው ዓመት ገደቡን ታልፋለች። ይህንንም ለርዕሰ መምህሩ የነገረችው ራሷ ናት፤ ልትመዘገብ በመጣችበት ቀን፣ ቶሎ እንዲቀበላት ብላ።

«እስከ ሰኞ ጠዋት አስቢበት።»

«አስቤበታለሁ» አለችው። «አልጽፍም።»

እናቷ ሚስማር ነው የምትላት። ሚስማር አንዴ ከገባ ወይ እንጨቱ ይሰነጠቃል ወይ መዶሻው ይሰበራል እንጂ እሱ አይወጣም፤ እንዲህ ብላ ነው ስሙን ያወጣችው። ሰፈሩም ተቀበለው። ደንበኞቿ ሳይቀሩ «ሚስማር አለች?» እያሉ ነው ወደ ፀጉር ቤቱ የሚገቡት።

ትምህርት ያቋረጠችው አባቷ ሲሞት ነው። ሁለት ታናናሽ ወንድሞች ነበሯት። እጇ ከሹሩባ ጋር ይግባባ ነበርና የጎረቤት ሴቶችን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ መሥራት ጀመረች፤ ከደጃፍ ወደ ኪራይ ክፍል፣ ከኪራይ ክፍል የፀጉር ማድረቂያ ካስክና ሁለት ወንበር ወዳለው ቤት አደገች። ወንድሞቿ በእሷ ጣት ተማሩ። አንዱ መሐንዲስ ሆነ፣ አንዱ ሒሳብ ሠራተኛ። ሲመጡ ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን ይነካካሉ። እሷ ቆማ ነው የምትውለው፤ ማምሻውን እግሯ ጫማዋ ውስጥ አይገባም።

የነርስነቱ ነገር የመጣው እናቷ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ነው። ሚስማር በየጠዋቱ እየሄደች የእናቷን ፀጉር አልጋ ላይ እንዳለች ታጥብ ነበር፤ አንሶላውን ሳታርስ። ቀስ በቀስ ከጎን ያሉትንም ታማሚዎች ማጠብ ጀመረች። አንድ ቀን ለእናቷ መርፌ ልትወጋ የመጣችውን ነርስ መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ ጠየቀቻት። ነርሷ ቸኩላ ነበር። ብነግርሽም አይገባሽም አለቻትና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።

በዚያው ሳምንት የማታ ትምህርት ቤት ተመዘገበች። እናቷ ገና ከሆስፒታል አልወጣችም ነበር። «ለአንዲት ሴትዮ አፍ ብለሽ?» አለቻት እናቷ፣ አልጋ ላይ ሆና። አዎ ለዚያው ነው አለቻት።

ሳይንስ እንደ ደረቀ ማስቲካ ነበር፤ ታኝከዋለህ፣ አይዋጥም፣ አይተፋም። ከሥራ በኋላ ክፍል ገብተው ግማሹ ተማሪ ያንቀላፋል። ጥበቃው ከእሷ ጎን ይቀመጥ ነበር፤ ሻምበል ይሉታል። ወታደር ሆኖ አያውቅም። ባንኩ በር ላይ ሲቆም ደረቱን የሚነፋበት አኳኋን ነው ማዕረጉን ያሰጠው። ረዳቱ ጠጋጠጋ ይባላል። ታክሲ ሞልቶ ሰው አንዱ በአንዱ ላይ ተቀምጦ እያለ እሱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ» ማለቱን አይተውም። ልብስ ሰፊዋ ቅጽል ስም የላትም። ዝምተኛ ናት፤ ዝምተኛ ሰው ላይ ስም አይጣበቅም።

አራቱ የተገናኙት አንድ መጽሐፍ ለአራት ስለ ደረሳቸው ነው። እሑድ እሑድ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። እዚያ ተሰባሰቡ። ጥቁር ሰሌዳ አልነበራቸውም፤ መስታወት ግን ነበር፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ማለት ይቻላል የሸፈነ። ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ ላይ መስመር የምታሰምርባትን ስስ ሳሙና አምጥታ መስታወቱ ላይ ጻፈችበት። ይጽፋል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰሌዳ አልፈለጉም።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። አንዱ የፈተና ጥያቄ መስታወቱ ላይ ይጽፋል። ሌላው ይመልሳል። መልሱ ካላግባባ በድምፅ ብልጫ ይወሰናል፤ የተሸነፈውም የአሸናፊዎቹን መልስ ቆሞ ሲያስረዳ ማሳመን አለበት። ይህን ያመጣው ጠጋጠጋ ነው። ሰው የማያምንበትን ነገር ሌላውን እስኪያሳምን ከደከመ እሱም ያምነዋል ባይ ነው። ታክሲ ላይ የተማረው ነው።

ሁሉም ከሙያቸው ያዋጡ ነበር። ስለ ግፊት ሲያነቡ ልብስ ሰፊዋ መርፌና የጣቷን ቆብ አውጥታ ያው ግፊያ በመርፌው ጫፍ ለምን እንደሚወጋ፣ በቆቡ ለምን እንደማያምም አሳየች። ስለ ፍጥነት ሲደርሱ ጠጋጠጋ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ለምን ወደ ፊት እንደሚወረወር እየተወረወረ አሳየ፤ ካስኩ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ሻምበልን ስለ ድምፅ ማስረዳት አላስፈለገም፤ ባዶ ባንክ ውስጥ ኮቴ እንዴት እንደሚመለስ ያውቃል። ሚስማር ደግሞ ሰው ሁሉ የሚሸሸውን ኬሚስትሪ ወደደችው። የፀጉር ማለስለሻውና የማጠቢያው ፈሳሽ አንዱ ቤዝ፣ አንዱ አሲድ መሆናቸውን ስታውቅ፣ ለካ ስቀላቅለው ነው የኖርኩት አለች። በዚያ ቀን ማንም ቶሎ አልወጣም።

ልቡ ላይ ነው የተሰናከሉት። የሳይንስ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ስሎላቸው ነበር። ደብተራቸውን ሲያስተያዩ የግራው ክፍል አንዱ ጋ በግራ፣ አንዱ ጋ በቀኝ ተጽፏል፣ ሁለቱ ጋ ጭራሽ አልተጻፈም። የመጽሐፉ ገጽ ደግሞ ከእነሱ በፊት በነበረ ሰው እጅ ተቀዶ ተወስዷል። ሻምበል የስዕሉ ግራ በእኛ ቀኝ ነው የሚውለው፣ መምህሩ ሲሉ ሰምቻለሁ ብሎ ድርቅ አለ።

ሚስማር ተነስታ መስታወቱ ፊት አቆመችው። «ልብዎ የት ነው?» አለችው። ደረቱን በግራ በኩል ነካ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሻምበልም በዚያው በኩል ደረቱን ነካ። በሳሙናዋ ከምስሉ ደረት ላይ ልብ ሳለች፤ ግራው በግራ፣ ቀኙ በቀኝ።

«ይኸው ልብዎ፤ ቁጭ ብሎ እያየዎት። ታዲያ ግራው ወደ ቀኝ በማን ትእዛዝ ሄደ ሻምበል?» አለ ጠጋጠጋ።

ድምፅ ተሰጠ። ሦስት ለአንድ። በደንባቸው መሠረት ሻምበል መስታወቱ ፊት ቆሞ የራሱን ሽንፈት እስኪያሳምን አስረዳ። ከዚያም ሁሉም በየተራ ቆሙ፤ ሚስማርም በየደረታቸው ላይ ልብ ሳለችላቸው። በጣታቸው የደሙን መንገድ እየተከተሉ ሸመደዱ። ሌላ ማንኛውንም ነገር በዚያ ልክ አላጠኑም።

ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ እንደ ወጡ ፀጉር ቤቱ ተሰበሰቡ። ሚስማር የተባለችውን ነገረቻቸው። ጠጋጠጋ ካሰብኩት ይሻላል አለ። እሱ ሰው ገፍቶ ማስገባት ሥራው ነው፤ ይቺን ደግሞ ወደ ነርስ ቤት ገፍቶ ያስገባታል። እኔ ኮርጄያለሁ ብዬ እፈርማለሁ አለ። ሻምበልም አንገቱን ነቀነቀ፤ አንድ ዓመት ባንኩ በር ላይ ቆሞ የሚያሳልፈው ነገር ነው። 

«አትፈርሙም» አለች ሚስማር።

«እትዬ ሚስማር፣ ለራስሽ እኮ ነው» አለ ጠጋጠጋ።

«ለራሴ ነው የምለው። ሌባ በሆኑ ጓደኞቼ ትከሻ ላይ ቆሜ ልገባ ነው? እዚያ ገብቼ ሰው ልነካ? አትፈርሙም ብያለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ አፏን ከፈተች። «እኔ ልፈርም አልነበረም» አለች። «ለማንም ቢሆን። አልሰረቅኩም።»

ቤታቸው ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ነውና እናቷ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ራት ላይ ሚስማርን ትኩር ብላ አየቻትና፣ በእጅ የመጣን ነገር መግፋት ኩራት ሳይሆን ድንቁርና ነው አለቻት። ሁለት መስመር ነው፤ ሁለት መስመር ደግሞ ማንንም አይገድልም። ሚስማር መብላቷን ቀጠለች። እናቷ ልጇን ታውቃለችና ሳህኑን አነሳች።

አንድ ነገር ግን ሚስማርንም ይከነክናት ነበር። ለምን ተሳሳቱ? መስታወት አይዋሽም። የሻምበልን ልብ በዓይኗ አይታ ነው የሳለችው።

መልሱ በማግስቱ፣ በአንዲት ደንበኛ በኩል መጣ። ሙሽራ ናት፤ የሠርጓ ጊዜ ተቃርቧልና ፀጉሯን ለሙከራ ልትሠራ መጥታለች። ስልኳ ላይ የአንዲት ሴት ፎቶ ይዛለች፤ ፀጉሩ በጎን ተከፍሎ ወደ አንድ ትከሻ የወረደ። ልክ እንደዚህ አለቻት። ሚስማር ሠራች። ደንበኛዋ መስታወቱን አይታ ወደደችው። ከዚያ ፎቶዋን አስነሳችና ከሴትዮዋ ፎቶ ጋር አስተያየችው።

«አይ እህቴ፣ በሌላው በኩል ነው እኮ የከፈልሽው።»

ሚስማር ማበጠሪያውን ይዛ ቀረች። ይህን ስህተት ከተወች ዘመን ሆኗታል። ጀማሪ ፀጉር ሠሪ ብቻ ነው የሚሳሳተው፤ ፎቶ ላይ ያለ ሰው ፊቱን ወዳንተ አዙሮ ስለ ቆመ ግራው ባንተ ቀኝ እንደሚውል፣ መስታወት ውስጥ ያለው ግን ግራህን በግራህ እንደሚመልስልህ ማንም ፀጉር ሠሪ በመጀመሪያው ወር በስድብ ይማረዋል። ሐሳቧ ሌላ ቦታ ስለ ነበር እጇ ተሳሳተ።

ፎቶውን ከደንበኛዋ እጅ ተቀብላ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። ደንበኛዋ አትናደጂ፣ ያምራል አለቻት።

«አልተናደድኩም» አለች ሚስማር። «ቁጭ በይ፣ አሁኑኑ አስተካክልልሻለሁ። አልከፍልም ብትይ እንኳን ደስ ይለኛል።»

ቅዳሜ የፀጉር ቤት ገበያ ነው። ሚስማር ቅዳሜ ዘግታ አታውቅም። በዚያ ቅዳሜ ዘጋች። ለርዕሰ መምህሩ ደውላ ፀጉር ቤቱ ድረስ ይምጡና አንድ ነገር ላሳይዎት ብላው ነበር፤ ፀጉር ቤት የምመላለስበት ምክንያት የለኝም ብሎ ዘጋባት። ራሰ በራ ነው። ስለዚህ አራቱ ሆነው መስታወቱን ከግድግዳው አወረዱት።

ከባድ ነበር። ሻምበልና ጠጋጠጋ ከፊት፣ ሁለቱ ሴቶች ከኋላ። ልብስ ሰፊዋ በአንሶላ እንሸፍነው ብትልም ሚስማር አልፈለገችም። አይተው ይወቁ አለች። መንገዱ ሁሉ አያቸው። ሕፃናት ምላሳቸውን እያወጡ ራሳቸውን አዩበት። አንድ ጎረምሳ ፀጉሩን አስተካክሎበት አለፈ። ጠጋጠጋን የሚያውቅ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ቤት ለቀቃችሁ ወይ ብሎ ጮኸ። ጠጋጠጋ ግን መንገደኛውን «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ መንገድ ያስከፍት ነበር፤ ሥራው ነውና ማንም አልተቃወመውም። አንዲት አሮጊት ቆም ብለው ለማን ነው ስጦታው ብለው ጠየቁ። ለርዕሰ መምህሩ ነው አለች ሚስማር። ይባርካችሁ ብለው አለፉ።

ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ከሳይንስ መምህሩ ጋር ነጥብ ይደምር ነበር። መስታወቱ በሩ አልበቃው ብሎ በጎን ገባ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሊመጡልን ስላልፈለጉ አመጣንልዎ» አለች።

መስታወቱን በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ከኪሷ ሳሙናዋን አወጣችና ርዕሰ መምህሩን መስታወቱ ፊት እንዲቆም ጠየቀችው። አልቆመም። የሳይንስ መምህሩ፣ እጅጌው ጠመኔ የጠጣ ቀጭን ሰውዬ፣ እኔ ልቁም ብሎ ተነሳ። ልብዎን ይንኩ አለችው። ነካ። በምስሉ ደረት ላይ ልብ ሳለች፤ ግራው በግራ፣ ቀኙ በቀኝ። የፈተናውን ወረቀት አንስታ ከጎኑ ያዘችው። 

መምህሩ ስዕሉን አየ። ወረቀቱን አየ። ሁለቱን ደጋግሞ አየና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነው።

«የመጽሐፉም የፈተናውም ስዕል እኮ ፊት ለፊትሽ የቆመ ሰው ነው» አለ። «መስታወት አይደለም። ይሄን ደግሞ ክፍል ውስጥ ተናግሬያለሁ።»

«ተናግረዋል» አለ ሻምበል ከኋላ። «እኔ ሰምቼ ነበር። በድምፅ ብልጫ አሸነፉኝ።»

«ሳይንስ በድምፅ ብልጫ?»

«እኔ ነኝ ያሳመንኳቸው» አለች ሚስማር። «ስህተቱ ከእኔ ነው የመጣው። ግን ከመስታወት ነው ያገኙት፣ ከወረቀቴ አይደለም። ለልቡ ጥያቄ ዜሮ ይስጡን፤ ዜሮ ነው የሚገባን። ሌባ ግን አይደለንም።»

ርዕሰ መምህሩ እንዲህ በቀላሉ አልተረታም። ይህ ቲያትር ነው አለ። ሰው ተይዞ ካደረ በኋላ ሰበብ መፈለግ ያውቃል፤ መስታወቱን ትናንት አስበው ያመጡት ላለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ? ሚስማርም ይህን ጠብቃ ነበር። አራት ክፍል ይክፈቱልን፣ ለየብቻ አስገብታችሁ ከፈተናው የፈለጋችሁትን ጠይቁን አለችው። እሱ ጊዜ የለኝም አለ። እሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ አጠገቧ ተቀመጠች። ጠጋጠጋ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሻምበል ብቻ ቆመ፤ ቆሞ መዋል ልማዱ ነው። ርዕሰ መምህሩ በበሩ ሊወጣ ሲል መስታወቱ መንገዱን አጥብቦበታል። ራሱን ፊት ለፊት አገኘው።

መምህሩ ነው የገላገላቸው። ልጠይቃቸው፣ እኔ ጊዜ አለኝ አለ።

ክፍል ባይከፈትላቸውም አንድ በአንድ ቢሮ ገቡ፤ የቀሩት ግቢው ውስጥ ጠበቁ። ልብስ ሰፊዋ በአጭር አጭሩ መለሰች፤ አንድ ቃል የሚበቃው ላይ ሁለት አልተጠቀመችም። ጠጋጠጋ የሚያውቀውን በብዙ ቃል፣ የማያውቀውን በበለጠ ቃል ተናገረ። ኬሚስትሪው ላይ ሰመጠ። ሚስማር ስለ ግፊት ስትጠየቅ አንዱን ቀመር ረሳችው፤ አላውቀውም አለች እንጂ አልፈጠረችም።

ሻምበል መጨረሻ ገባ። ርዕሰ መምህሩ ራሱ ሊጠይቀው ፈለገ። የልቡን ስዕል ባዶውን ሰጠውና ሰይም አለው፤ ትክክለኛውን አሁን አይደል የሰማኸው? ሻምበል ደረቱን ነፋ። እስክሪብቶውን ያዘ።  ጻፈ። ጽፎም ወረቀቱን በሁለት እጁ አስረከበ።

ግራው በግራ፣ ቀኙ በቀኝ። ከነቀስቶቹ።

ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ተመለከተ። ከዚያም ለመምህሩ አቀበለው። ሰውዬው ልኩን ገና ዛሬ፣ እዚሁ ቢሮ ውስጥ በድጋሚ ሰምቶ ነበር። ማንም አልነበረም ከጎኑ። ያን ስህተት ማንም ሊሰጠው አይችልም፤ የራሱ ሆኗል፣ ከአጥንቱ ገብቷል።

«እሺ» አለ ርዕሰ መምህሩ፤ ለማን እንዳለው አልታወቀም። ሻምበል ወጥቶ አሳምሬ ሠራሁት አላቸው። መምህሩ ተከትሎት ወጥቶ ነገሩን ሲነግራቸው ጠጋጠጋ አጥሩን ይዞ እስኪያንቀው ሳቀ። «ተዉኝ፣ አሳምን ነው ያላችሁኝ፤ ሌላውን ሳሳምን ራሴን አሳመንኩ» አለ ሻምበል። እሱም ግን ሳቀ።

ሰኞ የአራቱም ውጤት ከሌሎቹ ጋር ተላከ። የልቡ ጥያቄ ዜሮ ተብሎ፣ የቀረው እንደ ነበረ። ልብስ ሰፊዋ ከአራቱ ከፍተኛውን አመጣች። ሻምበል አለፈ። ሚስማር ለጥቂት አለፈች። ጠጋጠጋ ወደቀ። ልቡን ልክ ቢመልስ ኖሮ ያልፍ ነበር።

ሚስማር የታክሲው ተራ ድረስ ሄዳ ነገረችው። ጥፋቱ የእኔ ነው አለችው፤ ሌላ የምትለው አልነበራትም። ታክሲው ሊሞላ ሁለት ሰው ይቀረዋል። እሱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ አዳመጣት።

«እጄን አውጥቼ ነው የመረጥኩት» አላት። «ማን ያዘኝ? ደግሞ ኬሚስትሪዬም ጥሩ አልነበረም። ዓመት እደግመዋለሁ፣ ይሄ ምን ያስለቅሳል? እኔ ይልቅ ሌባ ተብዬ ቢሆን ኖሮ ነው የሚያመኝ።» ከዚያም ወደ መንገዱ ዞሮ መጣራቱን ቀጠለ።

የማሠልጠኛው ምዝገባ በሚዘጋበት ቀን ሰልፉ ከግቢው በር ይጀምራል። ከፊቷም ከኋላዋም ያሉት ልጆች ናቸው፤ የአንዳንዶቹን እናት ፀጉር ሠርታለች። አንዷ ልጅዎን ነው የሚያስመዘግቡት ብላ ጠየቀቻት። ለራሴ ነው አለቻት። ልጅቷ አፈረችና ስልኳን አየች።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠው መዝጋቢ ወረቀቶቿን ገለጠ። የትውልድ ዘመኗን ሁለት ጊዜ አየ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ እሷን አየ።

«ወይዘሮ፣ ይሄ እኮ ቀላል ሥራ አይደለም። ሌሊት አለው፣ መቆም አለው። ከልጆች ጋር ነው የሚማሩት።»

«መቆም እችላለሁ። የዕድሜ ገደቡ አልፎኛል?»

ቀን ቆጠረ። «አላለፈም። በጣም ቀርቦታል እንጂ አላለፈም።» ወረቀቱን እንደ ያዘ ቀረ። «የሳይንስ ውጤትዎም እኮ... ለጥቂት ነው ያለፉት።»

ከኋላዋ ያለው ሰልፍ መንሾካሾክ ጀመረ። አንዱ ይፍጠኑልን አለ። ሚስማር አልዞረችም። ሁለቱንም እጇን የመስኮቱ ደፍ ላይ አኖረች፤ የማለስለሻ ኬሚካል ያደረቃቸው፣ ጥፍራቸው እስከ ሥሩ የተቆረጠ እጆች።

«ለጥቂት ያለፈ አልፏል» አለች። «ይመዝግቡኝ።»

መዝጋቢው መነጽሩን ወደ ዓይኑ መልሶ ጻፈ።